ስኳር የገባበት ንፍሮ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኦስሎ፣ ሮምሶስ ሰፈር ውስጥ ቤት ልትከራይ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። ያደግኩበት ብሎክ አይደለም፤ ከእሱ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ነው። ግን ደረጃውም፣ የፖስታ ሳጥኑም፣ ሊፍቱ ሲቆም የሚያሰማው ድምፅም አንድ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ከአንዱ ቤት የቦሎቄ ሽታ ወጣ። በደንብ በስሎ ውሃው ወፈር ሲል ያለው ሽታ፣ መጀመሪያ አፈር አፈር የሚል፣ ከኋላው ጣፋጭ። ባልደረባዬ መስኮት እየከፈተች ስትዘጋ እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቤቱን አላየሁላትም። ስትወጣ እንዴት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ፣ ውሰጂው አልኳት። ጎረቤቶቹ ጥሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ነው።

በፈረንጆች ሁለት ሺህ ስምንት አልቆ ዘጠኝ ሲገባ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሌላው ሰፈር ከሊንደበርግ ወደ ሮምሶስ የተዛወርነው በሐምሌ ሲሆን፣ በመስከረም የእናቴ እናት ደሴ ውስጥ ሞተች። መርዶውን ያመጣችው እትዬ ዘይነባ ናት። ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ የምታጥብ፣ የደሴ ልጅ፣ ድምፀ ወፍራም ሴትዮ ናት። ኦስሎ ውስጥ የሐበሻ ሞት ከእሷ ተደብቆ አያውቅም። ከሞርተንሩድ ከተማውን ከዳር ዳር አቋርጣ፣ ሴቶች አስከትላ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በራችንን አንኳኳች። እናቴ በሩን ከፍታ ፊታቸውን ስታይ ሳይነግሯት አወቀች።

ሦስት ቀን ቤታችን ሰው በሰው ሆነ። ፍራሽ መሬት ላይ ተዘረጋ፣ አባቴ ታክሲውን አቆመ፣ ከትልቁ ድስት የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ በየሳህኑ ወጣ። እኔ ያንን ንፍሮ በጣም ወደድኩት። በኪሴ ሞልቼ አልጋዬ ላይ ተደብቄ በላሁ፣ ከዚያ አያቴ ሞታ እኔ ንፍሮ ስለጣፈጠኝ አፍሬ አለቀስኩ። ሴቶቹ ለአያቷ ነው ብለው አቀፉኝ፤ እኔም አላረምኳቸውም። ቤታችን ከዚያ በፊት ንፍሮ ተቀቅሎ አያውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልተቀቀለም። ስለዚህ ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ንፍሮ የሚቀቀለው ሰው ሲሞት ነው።

እናቴ ዘሀራ በዚያ ሰሞን የአውቶቡስ ሹፌርነት ኮርስ ጀምራ ነበር። ስምንት ዓመት ቢሮ ስታጸዳ ኖራ፣ አንድ ቀን ጠዋት በአውቶቡስ ስትሄድ ሹፌሯ ሴት መሆኗን አየችና ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃታት። ፈተናው ሚያዝያ ላይ ነው። ችግሩ እኔ ነበርኩ። አባቴ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቀን ይተኛል፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝም ብዬ የምቀመጥ ልጅ አልነበርኩም። ሁለት ቀን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት፣ በሦስተኛው ቀን ሰው መንገድ ላይ ሊገጭ ምንም አልቀረውም። ከትምህርት በኋላ የሚያውለኝ ሰው ካልተገኘ ኮርሱ ቀረ ማለት ነው።

ያኔ ነው ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረው ሳቺኮ የመጣችው። ጃፓናዊት ናት፣ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ከእኔ ብዙም የማትረዝም። እናቴ አንድ ቀን ብሎኩ ፊት ለፊት በረዶ ላይ መራመድ ፈርታ ቆማ አገኘቻትና ክንዷን ይዛ አስገባቻት። በሳምንቱ ሄዳ ስለ እኔ ለመነቻት፤ ሳቺኮ ጥያቄው ሳያልቅ «ያ፣ ያ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። የሁለቱ የኖርዌይ ቋንቋ፣ ኖርስኩ፣ ተደምሮም አንድ ሙሉ ኖርስክ አይወጣውም ነበር፣ ቢሆንም ተግባቡ። ልጄ የአሳማ ሥጋ አትበላም ስትላት ሳቺኮ በወረቀት ጽፋ ፍሪጇ ላይ ለጠፈችው። እናቴ «እማማ ሳቺኮ በያት» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔ ግን በኖርስክ እንደ ሰው ሁሉ በስሟ ጠራኋት።

ቤቷ የእኛው ቤት ነው፤ ክፍሎቹ፣ መስኮቶቹ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር። ብቻ ጸጥታው ሌላ ነው። ሳሎኑ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አንድ የሚስቅ ትልቅ ሰውዬ ፎቶ አለ። ማን ነው ስላት ባሌ ነው፣ አርነ ይባላል፣ መርከበኛ ነው አለችኝ። ከፎቶው ፊት ሁልጊዜ ቡና በስኒ ይቀመጣል። እኔ ሰውየው ባሕር ላይ ነው፣ በማንኛውም ሰዓት ሊመጣ ስለሚችል ቡናው ይጠብቀዋል ብዬ አሰብኩ። ለእናቴም ባሏ መርከብ ላይ ነው ብዬ ነገርኳት። «እውነትም ብቸኝነት ነው» አለች፣ በዚያው አለፈ።

ኅዳር ላይ ኮሪደሯ ውስጥ ካርቶኖች መደራረብ ጀመሩ። ሃማር የሚባል ከተማ የሚኖር የእንጀራ ልጅ አላት፤ ስልክ ሲደውል እየሰማሁ ነገሩ ገባኝ። እሱ ሰፈር ትንሽ ቤት ተገኝቷል፣ በየካቲት እንድትገባ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ «ከአዲስ ዓመት በኋላ እነግርሃለሁ» ትለዋለች። የሰማሁትን ሄጄ ለእናቴ ዘረገፍኩት። ጸጉሬን እየሠራችኝ ነበር፤ እጇ ቆመ። እሷ ከሄደች የእኔ ነገር አበቃ አለች፣ ለራሷ ነው እንጂ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ አገጬን ይዛ ወደ እሷ አዞረችኝ። አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ሴትዮዋ የራሷን ኑሮ ነው የምትኖረው፣ የእኛን ጭነት አንጭንባትም አለችኝ።

እሺ አልኩ። አፌን ያዝኩ፣ እጄን ግን አልያዝኩም። በማግስቱ የካርቶን ማሸጊያውን ፕላስተር ሰርቄ ራዲያተሩ ጀርባ ከተትኩት። ሳቺኮ ሌላ ገዛች፣ እሱንም ከተትኩት። እስከ ታኅሣሥ ድረስ አራት ደርሰው ነበር። ያቺ ሴት ዕቃ የምትረሳው በእርጅና ነው ብላ ራሷን እየታዘበች እንደነበር ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

የፈረንጆች ገና ዕረፍት አልቆ ስመለስ ከአርነ ፎቶ ፊት አዲስ ነገር አገኘሁ። ሁለት ክብ ነጫጭ ድንጋዮች፣ ትንሹ ትልቁ ላይ ተደርቦ፣ ከላያቸው አንድ ብርቱካን። ነካኋቸው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ናቸው። አልነገርኳትም እንጂ የሆነ ነገር ቀፎኛል፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚደረበው መቃብር ላይ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ከሰዓት ስገባ ሳቺኮ ስልክ ላይ ነበረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ትላለች። ስልኩን ዘጋችና ዓይኗን ጠረገች። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ይፈላል። ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ትንንሽ ቀይ ቦሎቄ ነው፣ ብዙ ቦሎቄ፣ ለአንድ ሰው የማይሆን። ከዚያ ሳቺኮ ወደ ሳሎን ሄዳ ብርቱካኑን አነሳች። ድንጋዮቹን በፎጣ ጠቅልላ ወጥ ቤት ወለል ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ተንበረከከች፣ በእንጨት መዶሻ ትመታቸው ጀመር። ከንፈሯን ነክሳ፣ ጸጉሯ ፊቷ ላይ ወድቆ፣ እስኪሰባበሩ ድረስ መታቻቸው።

ሁሉንም ደመርኩት። ስልኩ፣ እንባው፣ የተሰበረው መቃብር፣ ንፍሮው። አርነን ባሕር በልቶታል። በእኛ ቤት ለሐዘንተኛ ማን ሞተብሽ አይባልም፤ ስለዚህ ምንም ሳልጠይቅ አጠገቧ ተቀመጥኩና እጄን ጉልበቷ ላይ አደረግኩ። ገረማት መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ አንድ ስባሪ ሰጠችኝ። በኪሴ ያዝኩት እንጂ አልበላሁትም።

እናቴ ከኮርስ ስትመለስ ነገርኳት። ጫማዋን አንዱን አውልቃ አንዱን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ምን እንደተቀቀለ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ቦሎቄ መሆኑን፣ በትልቅ ድስት መሆኑን፣ ሳቺኮ ማልቀሷን አረጋገጥኩላት። ስኳር እየጨመረችበት ነበር ስላት ግንባሯን ቋጠረች፣ ቀጥሎ ግን የየአገሩ ወግ ለየቅል ነው አለች። ስልኩን አንስታ እትዬ ዘይነባ ጋ ደወለች። ለእትዬ ዘይነባ ምንም ማስረዳት አላስፈለገም። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም ብላ ፍሪዘሯ ውስጥ ሁልጊዜ የተቀቀለ ሽምብራ ታስቀምጣለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ድስቷን በፎጣ ጠቅልላ፣ ከቲ-ባነው፣ ከምድር ባቡሩ፣ ወርዳ በራችን ላይ ነበረች። ያጣራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሴትዮዋ ሃይማኖቷ ምን እንደሆነ። እናቴ አታውቅም። «እንግዲያው ያጽናሽ እላታለሁ፣ ያ ለሁሉም ይሆናል» አለች እትዬ ዘይነባ።

ሦስታችን ወረድን። ሳቺኮ በሩን ስትከፍት ሁለት ጥቁር የለበሱ ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እናቴ በኖርስክ አጽናናቻት፣ ቃሉ ግን በሹክሹክታ ስለወጣ ሳቺኮ የሰማችው አይመስለኝም። የእትዬ ዘይነባን ድስት አይታ፣ ውስጡ የተቀቀለ ጥራጥሬ መሆኑን ስታይ ፊቷ በራ። እኔ ስለ ቦሎቄዋ ነግሬያቸው ለበዓል የየድርሻቸውን ይዘው የመጡ መስሏታል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔ ግን እትዬ ዘይነባ ፈገግታውን አይታ በአማርኛ «ድንጋጤው ነው፣ ገና አልገባትም» አለች።

ሴቶቹ ወንበር ትተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሳቺኮ ደስ ብሏት፣ ጉልበቷን እየደገፈች፣ እሷም መሬት ተቀመጠች። ማንም አልተናገረም። ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛው ካልጀመረ ወሬ አይጀመርም። ሳቺኮ ደግሞ እኛ ምግብ የምንበላው በዝምታ ነው ብላ ስላሰበች፣ ከጨዋነቷ ብዛት ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ በጎድጓዳ ሳህን አቀረበችልን፤ ወፍራም፣ ጥቁር ቀይ፣ የሚተን ሾርባ፣ ቦሎቄው ግማሹ ሟሙቶ ግማሹ እንዳለ፣ መሐሉ ላይ የተጠበሱ ነጫጭ ጉርድ ነገሮች ተነፋፍተው።

እትዬ ዘይነባ አንድ ማንኪያ አፏ ከተተች። ሳትውጠው ቆየች። ለሐዘን ስኳር ማን ያደርጋል ብላ በአማርኛ አጉረመረመች፤ እናቴ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሳ ዝም ብለው ይብሉ እትዬ፣ ወጋቸው ይሆናል አለቻት። ነጩ ነገር ደግሞ ከማንኪያው እስከ ጥርሷ እንደ ላስቲክ ተሳበ፣ ቢጎትቱት አይበጠስም። ልስቅ ስል እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ጣዕሙን ወደድኩት፤ አሁንም ሰው ሞቶ እየጣፈጠኝ ነው ብዬ ያው የመስከረሙ ሐፍረት መጣብኝ።

ሳህኗ ሲጋመስ እትዬ ዘይነባ ማልቀስ ጀመረች። ጩኸት የለውም፣ እንባ ብቻ ነው። የራሷን ሙታን ነው የምታለቅሰው፤ ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያለቅሰው የራሱን ነው። ሳቺኮ ደነገጠች። ወደ እኔ ጠጋ ብላ አቃጥሏት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ ለአርነ ነው አልኳት። ለምን ለአርነ? አለች። ያወቅኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ባሕሩን፣ ስልኩን፣ በመዶሻ የሰበረችውን መቃብር፣ ንፍሮውን፣ እኛ ጋ ንፍሮ የሚቀቀለው መቼ እንደሆነ።

ሳቺኮ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። ኦሺሩኮ ይባላል አለች፣ የአዲስ ዓመት ነው። ድንጋይ ያልኩት የሩዝ ዳቦ ነው። ዓመቱ ሲገባ ተደርቦ ይቀመጣል፣ ሲደርቅ ይሰበራል፣ ቢላዋ አይነካውም፣ በጣፋጭ ቦሎቄ ገብቶ ለጤና ይበላል። ስልኩ የእንጀራ ልጇ ነበር፣ ስለ ካርቶኖቹ። እናቴ ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ለእትዬ ዘይነባ ተረጎመችላት፤ ሁለቱም ይቅርታ እያሉ ለመነሳት ሲንደፋደፉ ሳቺኮ መሳቋን አቆመች።

«ተቀመጡ» አለች። «አርነ ሞቷል። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው።»

እኔ ወደ ቡናው ስኒ አየሁ። ለሙት ቡና ይቀዳል ብዬ እንዴት ላስብ።

መጀመሪያ የነቃችው እትዬ ዘይነባ ናት። መልሳ ተመቻችታ ተቀመጠችና ለቅሶ ቤት የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀች፤ እንዴት ሆኖ ነው? እናቴ ተረጎመችው። ሳቺኮ ጥያቄውን ስትሰማ እናቴን ትኩር ብላ አየቻት። ማንም ይህን ጠይቋት አያውቅም ነበር። አበባ ተልኮላታል፣ ካርድ ተልኮላታል። ደግ ሰዎች ናቸው አለች፣ ሊያስቸግሩኝ ስላልፈለጉ ነው። ቀጥላ ነገረችን።

«ጫማውን እያሰረ ነበር፣ ዳቦ ሊገዛ። ቡናማውን ነው ነጩን? ብሎ ከኮሪደሩ ጠየቀኝ። ውሃ እየቀዳሁ ስለነበር ቶሎ አልመለስኩለትም። ሁለተኛ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።»

እትዬ ዘይነባ ሲተረጎምላት ደረቷን መታች። ምን ዓይነት ዳቦ ይወድ እንደነበር ጠየቀች። የት እንደተገናኙ፣ ሰክሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ይቆጣ እንደሆነ ጠየቀች። ሳቺኮ ሁሉንም መለሰች፣ አንዳንዱን እየሳቀች፣ አንዳንዱን በእንባ። ወደ ቤታችን ስንወጣ እትዬ ዘይነባ ነገ በዚሁ ሰዓት አለች። እናቴ ግራ ስትጋባ «ለቅሶ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ ያነሰ ጉብኝት ይባላል» አለቻት። ዓመት አልፎታል ብትላት የእኛ ጥፋት አይደለም፣ ማን ነገረን አለች።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ዘይነባ ጨው ያለው ንፍሮ አመጣች፤ ሳቺኮ ከቦሎቄዋ ጋር እያፈራረቀች በላችው። በሦስተኛው ቀን ወደ ካርቶኖቹ ደረስን። ከመውረዳችን በፊት እናቴ ዳግም አስጠነቀቀችኝ፣ ሐዘን የተቀመጠን ሰው አይለምኑትም አለች። ስለ ኮርሱ አንድም ቃል አላወጣችም። ስለ ካርቶኖቹ የጠየቀችው እትዬ ዘይነባ ናት። እናቴ ወዲያው ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ ስለዚህ ማስተርጎሙ ለእኔ ቀረ።

ሳቺኮ ልጁ ክፉ አይደለም አለች። የፈራችው እሷ ናት። እዚህ ቤት ወድቃ ብትሞት ማን ያውቃል? ቀን አልፎ ሳምንት ሊደርስ ይችላል። በሩን የምታንኳኳው ደግሞ ይህቺ ልጅ ብቻ ናት አለች፣ እኔን እያየች።

ተረጎምኩ። እትዬ ዘይነባ እንደ ስድብ ወሰደችው።

«በያት። ስትሞቺ ንፍሮውን የምቀቅለው እኔ ነኝ። እኔ ከቀደምኩ ዘሀራ ትቀቅላለች። ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ዘሀራ ጠዋት ጠዋት ስትወርድ በርሽን ታንኳኳለች። አንድ ደረጃ ነው ያለው፣ እንኳን ሞት ጉንፋንም አይደበቃት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል በያት።»

ወጥ ቤት ውስጥ የእናቴ ድምፅ «ኧረ እትዬ» ሲል ተሰማ። ለሰው ፊት ለፊት ስትሞቺ ይባላል? እኔ ግን የታዘዝኩትን አደረግኩ፣ ቃል በቃል። ምሳሌውን በኖርስክ ሳጣው ጎረቤት ጥሩ ነው ብዬ አሳጠርኩት። ሳቺኮ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ያስከፋኋት መሰለኝ።

«ስኳር ይኖረዋል?» አለች።

እትዬ ዘይነባ ጥያቄው ሲደርሳት አሰበች። የምሯን አሰበች። ለእሷ ንፍሮ ላይ ስኳር መነስነስ ከዕድሜዋ ሁሉ ጋር መጣላት ነው።

«ለእሷ ሲሆን ይደረግበታል» አለች በመጨረሻ። «ጨው ለሚፈልግ ለብቻው አስቀምጣለሁ።»

ስነግራት ሳቺኮ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፣ ግንባሯ ምንጣፉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ተነሳችና ስልኩን አንስታ ወደ ሃማር ደወለች። የእንጀራ ልጇን ደህንነት ጠየቀችው፣ ልጆቹን ጠየቀችው። ቤቱን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገረችው። እሱ ብዙ ተናገረ፤ ብቻሽን እንዴት ትሆኛለሽ እያላት እንደሆነ እኔም ገምቻለሁ።

«እዚህ ሰው አለኝ» አለችው።

እትዬ ዘይነባ ምን አለች ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ። መልስ ሳልሰጣት ተነስቼ ለእናቴ ልነግራት ወደ ወጥ ቤት ሮጥኩ። ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ሰምታለች። አንዱን ጎድጓዳ ሳህን አጥባ አስቀመጠችው፣ መልሳ አንስታ አጠበችው፣ አሁንም አስቀምጣ አነሳችው። ውሃው እየፈሰሰ ነበር፣ እኔም እስክትጨርስ ጠበቅኳት።